የቻውድሪ ኢናያት ስድስተኛው ምርጫ

ቻውድሪ ኢናያት በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን ማሽን በሚያጥብላቸው ጊዜ፣ ለስድስተኛ ጊዜ ለምርጫ ሊወዳደሩ ተነሡ። ያውም የሚኖሩት ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ፣ የሚወዳደሩት ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ገጠር ውስጥ ነው። ይህን ጉድ ቶሮንቶ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም ቤቴል ናት።

ቤቴል የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ሥራዋ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከፍሌሚንግደን ፓርክ ባስ ይዛ ትመጣና ቻውድሪን ገላቸውን ታጥባቸዋለች፣ ስኳራቸውን ትለካለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ታሪካቸውን ታዳምጣለች፤ ይኼኛው ደመወዝ የለውም። ሥራውን ያገኘችላት የቤተ ክርስቲያን እኅቷ ኢየሩሳሌም ነበረች። ኢየሩሳሌም እዚያው ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የፋርማሲው ኃላፊ ደግሞ የቻውድሪ ልጅ ሰሚና ናት። ሰሚና ለአባቷ ታማኝ ሰው ስትፈልግ ኢየሩሳሌም ቤቴልን ወሰደችላት። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበላት፤ ቤቴል በሚያስፈልጋት ሰዓት ፈጽማ ረስታታለችና።

ሁለቱ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ሁለቱንም እኩል ያስቸግራቸዋል። ቤቴል አፏ "ዩ" ቢልም በልቧ አንቱ እያለች ነው፣ ስትጠራቸውም አባባ ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው "ቤቲ" ይሏታል። ስሜን አቆላመጡልኝ ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደስ ሲላት ከረመች፤ በኋላ በእነሱ ቋንቋ "ልጄ" ማለት መሆኑን ስትሰማ የባሰ ደስ አላት።

የምርጫ ታሪካቸውን ቤቴል እንደ መዝሙር በቃሏ ታውቀዋለች። በፈረንጆቹ 1985 በፋኖስ ምልክት ተወዳደሩ። እዚያ አገር ፊደል ያልቆጠረ መራጭ እንዳይቸገር ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሥዕል ምልክት ይሰጠዋል። ይህ ለቤቴል እንግዳ አልሆነባትም፤ አባቷም በሸንጎው ምርጫ የመረጡትን ሰውዬ ስም ረስተው "ዝሆኑን መረጥኩ" ይሉ ነበር። የቻውድሪ ፋኖስ ግን ሲታተም ማሰሮ መስሎ ወጣና በሦስት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፉ። እስከ ዛሬ የሚረግሙት አሸናፊውን ሳይሆን አታሚውን ነው። በ1988 በብስክሌት አሸንፈው ብሔራዊ ምክር ቤት ገቡ፤ ምክር ቤቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። በ1990 ተሸነፉ፤ ይኼኛውን ቶሎ ብለው ያልፉታል። በ1997 እንደገና አሸነፉ፤ ሦስት ዓመት ሳይደፍኑ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ያን ጊዜ ፀጉር አስተካካይ ቤት ጢማቸውን እየተላጩ ነበር፣ ዜናው ሲነገር ግማሽ ፊታቸው ብቻ ተላጭቶ ነበር። "እንደራሴ ሆኜ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሥራ ፈት ሆኜ ተነሣሁ" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ዲግሪ የሌለው አይወዳደርም የሚል ሕግ ወጣ፤ እሳቸው ደግሞ ከአሥረኛ ክፍል አላለፉም።

እኛ ዘንድ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ቻውድሪ ሲሾሙም አልበሉም፣ ሲሻሩም አለመብላታቸው አልቆጫቸውም። የሚቆጫቸው ሁለት ጊዜ ተመርጠው አንዴም አለመጨረሳቸው ነው።

ቶሮንቶ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የዲግሪው ሕግ ከተነሣ ቆይቷል፤ አንድ ሌላ ሕግ ግን አለ፤ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ምክር ቤት አይገባም። ስለዚህ ሰሚና የካናዳ ዜግነት ማመልከቻ ሞልታ፣ ፊርማ ብቻ አስቀርታ ከሰጠቻቸው ስድስት ዓመት ቢያልፍም ወረቀቱ ከአልጋቸው ጎን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ለምን አይፈርሙም ሲባሉ "ማን ያውቃል" ነው መልሳቸው።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን ያልተወዳደሩበትን ምርጫ፣ የ1993ቱን ነው፤ ይህን ለቤቴል ሰባት ጊዜ ነግረዋታል። እንደሚያሸንፉ ጠላትም ወዳጅም ያውቅ ነበር። ሳምንት ሲቀረው የተቀናቃኛቸው እናት፣ ያረጁ ሴትዮ፣ በእግራቸው ግቢያቸው ድረስ መጡ። የራስ መሸፈኛቸውን፣ ዱፓታ የሚሉትን ስስ ሻርፕ፣ ከራሳቸው ላይ አውርደው ቻውድሪ እግር ላይ ጣሉና ልጄ ያለውን ሁሉ ሸጦ ነው የገባበት፣ ተውለት አሏቸው። በእነ ቻውድሪ አገር ሴት ዱፓታዋን እግርህ ላይ ከጣለች፣ እናት ትሁን እኅት ትሁን ልጅ፣ የለመነችህን መከልከል የለም። ቃል የገባህለት ሰው እንኳ ዱፓታ እንደተጣለብህ ሲሰማ ቃልህን ይመልስልሃል። ቻውድሪ ሻርፑን አንሥተው ሴትዮዋን መልሰው አለበሱና በማግሥቱ ከውድድሩ ወጡ። ቤቴል ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። እኛም አገር ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የወደቀን ሰው ማንም አይገፋም ብላ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚከብድ ጠየቋት።

እንግዲህ የካቲት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ቻውድሪ ሻንጣቸውን ከቁም ሣጥኑ ላይ እንድታወርድላቸው ጠየቋት። ካወረደችው በኋላ ነገሩን ዘረገፉት። የአካባቢያቸው ተመራጭ ሞቶ የማሟያ ምርጫ ተጠርቷል። ሊወዳደር የነበረው የወንድማቸው ልጅ ወረቀቱ ውድቅ ሆነበት። የጎሣው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ስልኩን እየተቀባበሉ፣ ስምህን ሕዝቡ ያውቀዋል፣ ና አሏቸው፤ እሳቸውም እሺ ብለው ቃል ሰጡ። አውሮፕላኑ እሑድ ነው፣ ቲኬቱም ተቆርጧል።

ቤቴል መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ማሽኑ ነበር። ከተማው ውስጥ አለ፣ ከመንደራችን ሦስት ሰዓት ያስኬዳል አሏት። ያበጠ ቁርጭምጭሚታቸውን አየች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት መንገድ፣ በመሐሉ የምርጫ ቅስቀሳ፤ እኒህ ሰው ምርጫው እስኪደርስ አይቆዩም።

"ለሰሚና አትነግሪም" አሏት። "ቃል ግቢልኝ፣ ቤቲ።"

"ቃሌ ነው፣ አባባ" አለች። ስትለውም ከልቧ ነበር።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ግን የስልክ ጸሎት አለ። አሥራ ሁለት እኅቶች በምሳ ዕረፍታቸው፣ አንዷ ከሆቴል፣ አንዷ ከሆስፒታል ኮሪደር፣ አንዷ ከቢሮ ሆነው በአንድ መስመር ይገናኛሉ። የምትመራው ሙሉእመቤት የምትባል ድምፀ መረዋ ሴት ናት። ቤቴል ኩሽና ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። ሙሉእመቤት የጸሎት ርዕስ ያላት ትናገር ስትል ቤቴል ዝም አለች። አንዷ ስለ ልጇ ፈተና፣ ሌላዋ ስለ ወገቧ ተናገረች። ቤቴል ከዚያ በላይ መቻል አቃታት።

"እኅቶች፣ እኔ ስም አልጠራም" አለች። "የምንከባከባቸው አንድ አባት አሉ። ዳያሊሲስ ላይ ናቸው። እሑድ ፍላይታቸው ነው፣ ፓኪስታን ለኢሌክሽን ሊወዳደሩ። ልጃቸው አታውቅም፣ ሲክሬት ነው። ጌታ መንገዱን እንዲዘጋላቸው አብራችሁኝ ጸልዩ።"

ስም አልጠራችም፤ እውነት ነው። ከስም በቀር ግን የቀረ ነገር አልነበረም። ቤቴል ለሰው የነገረች እንኳ አልመሰላትም፤ የነገረችው ለእግዚአብሔር ነው፤ አሥራ አንዱ እኅቶች በአጋጣሚ አጠገቡ ስለነበሩ ሰሙት እንጂ። እኛ ጴንጤዎች ምስጢር የምንጠብቀው እንዲህ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን የአባቶች ቃል ለጸሎት ርዕስ አይሠራም ብለን እናስባለን።

ኢየሩሳሌም ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ ድምፅዋን ዘግታ ስታዳምጥ ነበር። አሜን ብላ፣ እንባዋን ጠርጋ ወጣችና ሰሚናን አየቻት። ሰውን ማጽናናት ትእዛዝ ነው። ጠጋ ብላ አይዞሽ፣ ስለ አባትሽ እየጸለይን ነው፣ እሑድ አይሄዱም አለቻት።

ቤቴል ይህን ሁሉ ሳታውቅ ረቡዕን ሌላ ቤት ሠርታ ዋለች። ሐሙስ ጠዋት ስትመጣ በሩን የከፈተችላት ሰሚና ናት፤ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት። ዓይኗ ቀልቷል። ኢየሩሳሌም ነገረችኝ አለች፣ ሌላም አልጨመረች። ቤቴል ሥራዬ አበቃ ብላ ሳይሆን ቃሌ አበቃ ብላ ነው የደነገጠችው።

ቻውድሪ መስኮቱ ጋ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሸለቆው ላይ የሚወርደውን በረዶ እያዩ፣ ሰላምታዋን አልመለሱም። እግራቸው ተነፍቷል፣ ትንፋሻቸው አጥሯል። ማክሰኞ ማታ ሰሚና ጮኻባቸው ፓስፖርታቸውን ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ቆልፋለች። እሳቸው ደግሞ እልህ ያዛቸው፤ ቆንስላ ሄጄ ሌላ አወጣለሁ አሉ፣ ምግብ ተዉ፣ ረቡዕ ዕለት ማሽኑም ጋ አልሄድም ብለው ቀሩ። ከክሊኒኩ ተደውሎ ነበር። ነገም ከቀሩ በአምቡላንስ ነው የሚመጡት፣ ያም ከሠመረ ነው ብለዋል።

ሰሚና ቤቴልን ወደ ኩሽና ወሰደቻት። ልትቆጣት ነበር፣ ግን ቁጣ አልወጣላትም።

"ቃሌን ሰጥቻለሁ ብቻ ነው የሚሉኝ" አለች። "ስዝትባቸው፣ ሳለቅስ፣ ያው ናቸው። ምን ላድርግ?"

ቤቴል እጇን በፎጣ እያደረቀች ትንሽ አሰበች። ከዚያ፣ ስለ ዘጠና ሦስቱ ነግረውሽ የለም ወይ አለቻት።

"ዘጠና ሦስት ምንድን ነው?"

ቤቴል ቀና ብላ አየቻት። ሰሚና እናቷ የሞተችው ዘጠኝ ዓመት እንደሞላት ነው፤ ወዲያው ቶሮንቶ አክስቷ ዘንድ ተላከች፣ ያደገችውም እዚህ ነው። የአባቷን ምርጫዎች የምታውቃቸው ከሩቅ፣ በስልክ፣ አሸነፉ ተሸነፉ በሚል ብቻ ነበር። ሰባት ጊዜ ለባዕድ ሴት የተነገረው ታሪክ ለገዛ ልጃቸው አንዴም አልተነገረም። ቤቴል ፍሪጁን ተደግፋ ነገሩን ከሥሩ አወራችላት፤ ሴትዮዋን፣ ግቢውን፣ ዱፓታውን፣ በማግሥቱ መውጣታቸውን።

ሰሚና ስትሰማ ቆይታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ዱፓታ የለኝም አለች፣ ለብሼም አላውቅም። ቤቴል በሩ ጋ የተሰቀለውን የክረምት ስካርፏን፣ ወፍራም ሰማያዊ ሱፍ፣ አምጥታ ሰጠቻት። ሰሚና ቲያትር ይመስልብኛል ብላ አንገራገረች።

"ይምሰል" አለቻት ቤቴል። "አንቺ አድርጊው ብቻ።"

ሰሚና ስካርፑን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሳሎን ገባች። አባቷ ፊት ቆመች፣ ከራሷ አወረደችው፣ ተንበርክካ ያበጠ እግራቸው ላይ አኖረችው። በዘጠኝ ዓመቷ ከአገሯ ይዛው በወጣችው በዚያው የሕፃን ፑንጃብኛ አንዲት ነገር አለች። ቤቴል ቋንቋውን አልሰማችም፤ መስማትም አላስፈለጋትም።

ቻውድሪ ሱፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አንድ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተመርኩዘው፣ እያቃሰቱ ጎንበስ አሉና አነሡት። አራገፉት፣ ልጃቸው ራስ ላይ መልሰው አደረጉት። ስካርፑ ተንሸራቶ አንድ ዓይኗን ሸፈናት፤ ሁለቱም ይህንን ለማስተካከል ሲሞክሩ እጅ ለእጅ ተያያዙና በዚያው አለቀሱ። ቤቴል ኩሽና በር ላይ ቆማ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

"ስልኬን" አሉ ቻውድሪ።

ወንድማቸው ቤት ደወሉ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ የሕዝብ ፊት ድምፅ፣ ወፍራምና ቀስ ያለ ሆነ። ሰሚና ለቤቴል በሹክሹክታ ተረጎመችላት። ልጄ ዱፓታዋን እግሬ ላይ ጥላለች አሉ፣ ሌላ የምለው የለኝም። የሱፍ መሆኑን አልተናገሩም። ከወዲያ ማዶ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ እንግዲያውስ ምን ይደረጋል፣ ልጅቱን ከመሬት አንሣት፣ እኛ ሌላ ሰው እንፈልጋለን አለ። ተመራርቀው ተለያዩ። የአርባ ዓመት የምርጫ ጉዞ በአራት ደቂቃ ስልክ አለቀ፣ ማንም አልተቀየመም።

ቻውድሪ ስልኩን አስቀምጠው፣ ዳገት ላይ የተሸከመውን ኩንታል እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ። ቀጥለውም ማሽኑ ዛሬ ይቀበለኝ እንደሆነ ጠይቁልኝ አሉ። ክሊኒኩ አሁኑኑ አምጧቸው አለ። ሰሚና መኪና ልታሞቅ ሮጠች።

ቤቴል ጫማቸውን ልታደርግላቸው ተንበረከከች። ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

"ቃሌን አጥፌያለሁ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"

ቻውድሪ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነና እስኪያልፍ ጠበቀቻቸው።

"ቤቲ፣ እኔ አምስት ጊዜ ምረጡኝ ብዬ የዞርኩ ሰው ነኝ" አሏት። "ወሬ ለማን ሲነገር የት እንደሚደርስ ሳላውቅ ነው? ባለፈው ወር ኩሽና ሆነሽ ስትጸልዪ ስሜን ጠራሽ፣ የራስሽንም ጉልበት ይዘሽ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ሰሚና የጉልበት ቅባት ይዛልኝ መጣች። እኔ ለእሷ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ አላውቅም፤ የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ገባኝ።"

ቤቴል የግራ እግራቸውን ጫማ እንደያዘች ቀረች።

ወገኖቻቸውን እምቢ ማለት እንዳልቻሉ ነገሯት። ስልኩን እንደዘጉ ፈሩ፤ እዚያ እንደሚሞቱ ያውቁታል፤ መሞት ሳይሆን ሰሚናን ሳያዩ መሞት ነው የፈሩት። ስለዚህ ማክሰኞን ጠበቁ፣ ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ነገሯት። እስከዚህ ድረስ እንዳሰቡት ሆነ። ማታ ሰሚና ዱፓታ ይዛ ትመጣለች ብለው ሲጠብቁ ግን ፓስፖርት ነጥቃ ጮኸችባቸው። በእነሱ አገር ፓስፖርቴን ተነጠቅሁ ብሎ ቃሉን የሚያጥፍ ወንድ የለም። ስለዚህ መሄድም መቅረትም ያልቻሉ ሆኑ፣ በዚያ ላይ እልሁ ያዛቸው።

"እዚህ ነው የተሳሳትኩት" አሉ። "ታሪኬን ሁሉ ላንቺ አወራሁት። ልጄ ታውቀዋለች ብዬ ለእሷ አንዱንም አልነገርኳትም። አንቺ ባታስታውሺ ኖሮ ነገም እቀር ነበር፣ ቤቲ።"

ቤቴል ተናደደች፣ እፎይ አለች፣ ሳቀች፤ ሦስቱም ባንድ ጊዜ መጡባት። እዚያ ይሞታሉ ብላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣችበት ክፉ ሐሳብ ከላይዋ ላይ ሲነሣ ተሰማት። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ሲሉ አባቷን የሰማችው ብዙ ጊዜ ነው፤ ድግሱን በዓይኗ ያየችው ግን ዛሬ ነው። የጫማቸውን ክር ከወትሮው አጥብቃ አሰረችላቸው።

መኪናው ውስጥ ቻውድሪ ከልጃቸው አጠገብ ፊት ተቀመጡ፤ ስካርፑ አሁንም ራሷ ላይ ነበር። ድልድዩን ሳይሻገሩ በ1985 አንድ አታሚ ነበር ብለው ጀመሩ። ፋኖሱ ማሰሮ መስሎ ሲወጣ ሰሚና መሪውን እየመታች ሳቀች። ከዚያስ አለቻቸው። ቤቴል ከኋላ ወንበር ላይ ታሪኩን ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማችው መቁጠር ትታ ክሊኒኩ እስኪደርሱ አዳመጠች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የዜግነቱ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ተፈርሞ ነበር፤ ፊርማው የእንደራሴ ፊርማ ነው፣ ከተሰጠው መስመር አልፎ ወጥቷል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቤቴል ስልኳን ይዛ ወደ ኩሽና ስትገባ ቻውድሪ ከወንበራቸው ጠሯት። ዛሬ ምን ልትዪ ነው አሏት።

"ምስጋና ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያው ስሜን ጥሪ" አሉ። "ሁለት ጊዜ የተመረጠ ብለሽ ንገሪያቸው።"

ሙሉእመቤት የምስጋና ርዕስ ያላት ስትል ቤቴል ከሁሉ ቀድማ አፏን ከፈተች። እኅቶች፣ ዛሬ ስም እጠራለሁ አለች፤ ቻውድሪ ኢናያት ብላም ሙሉ ስማቸውን ጠራች። አሥራ አንዱ እኅቶች ተራ በተራ አሜን አሉ፣ ኢየሩሳሌም ሁለት ጊዜ። ቻውድሪ ከሳሎን ስማቸውን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ የተመረጠ ማለቱን የረሳች መስሏቸው ሁለት ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩላት። ቤቴልም እየሳቀች ጨመረችላቸው፣ በሩንም እንደተከፈተ ተወችው።